ወንድሜን ያሳደጉበት ሳምንት

ወንድሜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓመት ያደገው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሰኞ ዕለት አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እሑድ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሞላው። እንዴት እንደሆነ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ የለም፤ እኔም ብዙ አልገረመኝም። የትልልቅ ሰዎች ነገር እንዲሁ ነው። ሶፋው ከዚህኛው ግድግዳ ወደዚያኛው ይዞራል፣ ትናንት «አጎትሽ ነው፣ ሳሚው» የተባለ ሰው ዛሬ ስሙ አይነሳም። እኔ ቀናሁ እንጂ አልገረመኝም። እናቴን «ለእኔስ መቼ ነው የሚጨመርልኝ?» ብዬ ስጠይቃት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ የሕንፃ ዕቃ መደብር ነበረው፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ሚስማር ይሸጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋና ጓደኞቹን በረንዳችን ላይ ሰብስቦ ካርታ ይጫወታል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ የጫማ ክራቸውን እፈታባቸዋለሁ። ከዚያ ሥር ሆኜ የማየው እግርና የሲጋራ ቁራጭ፣ የምሰማው ሳቅ ብቻ ነበር።

«በረዶ አለቀ እኮ» አለ አንዱ፣ ባዶ ብርጭቆውን እያንኳኳ።

«አንተ!» ብሎ ተጣራ አባቴ። ወንድሜ ከጓዳ ብቅ አለ። አባቴ ቁልፉን ወረወረለት። «ሂድ በረዶ አምጣ። በእግርህ ሄደህ ውሃ አድርገህ እንዳታመጣልኝ፣ በመኪናው ሂድ።»

«ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ?» አለ ሌላው።

«እኔ ነኝ መንጃ ፈቃዱ!» አለ አባቴ፤ ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። «በአሥራ አራት ዓመቱ ነው ያስተማርኩት። ስንቶቻችሁን ያስከነዳል!»

ወንድሜ ቁልፉን በአንድ እጁ አየር ላይ ቀልቦታል። ጆሮዎቹ በኩራት ቀልተው ነበር። ይህን ሁሉ በዝርዝር የማወራው ቁልፉ በኋላ «ከኪስ የተሰረቀ» ስለሆነ ነው።

ሲመለስ በእግሩ ነበር። በረዶ አልያዘም። በሩ ላይ ሲቆም እግሩን ከጠረጴዛው ሥር አየሁት።

«አባዬ… ሰው… እትዬን… ግድግዳው ጋ…»

አባቴ ካርታውን በግንባሩ ደፋውና ተነሣ። መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ «መኪናውስ?»

ያኔ አባቴ በድንጋጤ መሀል እንኳ የሚያስብ ሰው መስሎኝ ኮራሁበት።

እትዬ መንገዳችን ጥግ ላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት። ሱቋ አንድ መስታወት፣ ሁለት ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚሠራው፤ የእኔን ፀጉር የምትሠራውም እሷ ነበረች። ጠዋት ከቆመች ማታ ድረስ አትቀመጥም። «እኔ እንደ ፈረስ ነኝ፣ የምተኛውም ቆሜ ነው» ትል ነበር። ያን ዕለት የቧንቧ ውሃ በጄሪካን ቀድታ መንገዱን ስትሻገር ወንድሜ መታጠፊያው ላይ መሪው አመለጠው፤ ቀኝ እግሯን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው።

የአባቴ ጓደኞች ተራ በተራ ሹልክ ሹልክ ብለው ሄዱ። ብርጭቆዎቻቸው በግማሽ እንደቀሩ ነበር። አባቴ ሮጦ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ፒክአፑን ራሱ እየነዳ መጣና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በላስቲክ ቱቦና በሳሙና መኪና ማጠብ ጀመረ። ለእኔ ከዚያ የበለጠ ጨዋታ አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ አረፋው ውስጥ ዘለልኩ። አረፋው ሮዝ ነበር። አዲስ ዓይነት ሳሙና የተገዛ መሰለኝና በእጄ እያፈስኩ ወደ ላይ እፍ እልበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሮዝ ሳሙና ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ትራፊክ ፖሊስ በማግሥቱ መጥቶ የወሰደው ንጹሕ መኪና ነው። እትዬን ደግሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት የማይታወቅ ባለታክሲ ነው፤ አባቴ እሷ መሬት ላይ ተዘርራ እያለ በአጠገቧ መኪናውን አስነሥቶ እንደሄደ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ወንበሩ ይበላሻል» አለ አሉ።

ሰኞ ዕለት ጠበቃው መጣ። ወፍራም፣ መዳፉ ሁልጊዜ ወዝ የማያጣው ሰውዬ ነው፤ ጉንጬን ከዳበሰኝ በኋላ በቀሚሴ እጠርገው ነበር። ምሳ ቀረበለት። እኔ ጓዳ በር ላይ ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ አተር እፈለፍላለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ጠበቃው፣ የዶሮ ቅልጥም እየጋጠ።

«አሥራ ስድስት» አለ አባቴ።

«ኧረ ጋሼ! ረጋ ብለው ያስቡበት እንጂ።»

አጥንቱ ሲሰበርና ሲመጠጥ ይሰማኛል።

«አሥራ ስድስት ከሆነ» አለ ጠበቃው፣ «ልጅ ነው፤ ልጅ ላጠፋው ደግሞ አባት ነው የሚክሰው። ኢንሹራንሱም መንጃ ፈቃድ የለውም ብሎ እጁን ይሰበስባል። የሴትየዋ እግር ከተቆረጠ፣ ይቆረጣል እያሉ ነው፣ መደብሩም ቤቱም ይሄዳል። አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ከሆነ ግን የራሱ ጌታ ነው። ሳያስፈቅድ ቁልፍ ከአባቱ ኪስ ወሰደ፣ ነዳ፣ ገጨ። እሱን ትክሰሰው። ምን ይገኝበታል?»

«ኳስና ብስክሌት» አለ አባቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

«እስሩስ?» አለች እናቴ ከጓዳ፣ አተሩን ሳታቆም።

«ዕድሜው ሲጨምር እሱም ትንሽ ይጨምራል። ትንሽ ነው፣ እመቤቴ። ወጣት ነው ይችለዋል።»

«አካለ መጠን» የሚለው ቃል በጣም ማረከኝ። የአካል መጠን መሰለኝ፤ ወንድሜን የአባቴ መደብር ውስጥ ባለው ሜትር የሚለኩት፣ ከተወሰነ ቁመት ካለፈ የሚሸለም መሰለኝ። ደግሞም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመግቡት ጀመር። ጠዋት ሦስት እንቁላል፣ ማታ ሥጋ፤ ለእኔ የማይፈቀደው ወተት በትልቁ ኩባያ ለእሱ ይቀርባል። «ብላ፣ ትከሻህ ይሙላ» ይለዋል አባቴ። ወንድሜ ግን አይወርድለትም ነበር። እኔ ጎኑ ተቀምጬ የተወውን እጨርስለታለሁ፤ ያን ሰሞን እንደወፈርኩ ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ አባቴ በራሱ ምላጭ ይላጨው ጀመር። የላይኛው ከንፈሩ ላይ የነበረችው ድመት ብትልሳት የምትጠፋ የምትመስል ፀጉር በየቀኑ ትላጫለች፤ «በተላጨ ቁጥር ይወፍራል» ይላል አባቴ። አገጩ በቁስል ተሸፈነ። ሙሉ ልብስ ተገዛለት። እናቴ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ሰፋችበት። መስታወት ፊት ሲያቆሙት ሙሽራ መሰለኝና አጨበጨብኩ። እሱ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየኝ እንጂ ራሱን አላየም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። እናቴና አባቴ ከተጋቡ ገና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

ይህን ያነሣችው እናቴ ራሷ ናት፣ ጠበቃው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ። «ሰው ምን ይለኛል? አሥራ ዘጠኝ ከሆነ እኮ ከሠርጌ በፊት ነው የወለድኩት ማለት ነው!»

ጠበቃው ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ «ከሠርግ በፊት አይወለድም ያለው ማን ነው?» አለ።

እናቴ መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። ዓይኗ አብጦ እስኪጠፋ ድረስ አለቀሰች። እኔ ለእትዬ እግር የምታለቅስ መስሎኝ ሄጄ አንገቷን አቀፍኳት፤ «አይዞሽ፣ ይድናል» አልኳት። እናቴን በዚያ መጠን ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ባሏ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። በማግሥቱ ሳሎን የተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶ፣ ወገቧ እንደ ቀለበት የቀጠነበት፣ ከግድግዳው ወረደ። «አቧራ ልጠርገው ነው» አለችኝ።

እሑድ የአባቴ እህት መጣች። አክስቴ ስታወራ ምራቋ የሚረጭ፣ ሰው ፊቱን አዙሮ የሚጠርግባት ሴት ነበረች። ሶፋው ላይ አስቀምጠው አስጠኗት።

«የጎርፉ ዓመት ነው የተወለደው» ትላለች፤ ጎርፉ ሰፈራችንን ያጥለቀለቀው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ነው።

«ከጎርፉ በፊት በዪ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» ይላል አባቴ። «ጎርፉ ሲመጣ ድክ ድክ ይል ነበር።»

«ድክ ድክ ይል ነበር። እኔ ነኝ አዝዬ ጣሪያ ላይ የወጣሁት።»

«ጎበዝ።»

እኔ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። ወንድሜ በጎርፍ መሀል ጣሪያ ላይ! እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ጀግንነት በቤታችን እንደነበረ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሄጄ ለሁሉም አወራሁት።

ሐኪም ቤት የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዛች፤ እኔን ጥሩ ቀሚስ አለበሰችኝ። ክፍሉ የመድኃኒትና የሽንት ሽታ ይሸታል። እትዬ ተጋድማ ነበር። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል እስከ ታች ኮረብታ ሠርቷል፤ በቀኝ በኩል ከጉልበቷ በታች ሜዳ ነው። እግሯን ያጠፈችው መሰለኝ።

«መጣሽልኝ የኔ ቆንጆ!» አለችኝ። «ማነው እንዲህ ፀጉርሽን ያንጨፈረረው? ልነሣ ብቻ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ልጁ እንዴት ነው? ፊቱን እኮ አየሁት። አፉን ከፍቶ ነበር። ሕፃን ደንግጦ ነው የሚሆነው ብዬ…»

«ምን ሕፃን አለ» አለች እናቴ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው እኮ።»

እትዬ ሳቀች። እውነቷን ነው የሳቀችው፤ ቀልድ መስሏታል። «አንቺ ደግሞ! አምና ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎቶ ሲነሣ ፀጉሩን ያስተካከልኩት እኔ አይደለሁ…»

እናቴ የተላጠ ብርቱካን አፏ ውስጥ ከተተችላት። «ብዪ፣ ብዪ። ጉልበት ያስፈልግሻል።» እትዬ ሳትውጥ ሌላ ጨመረችላት። ጭማቂው በአገጯ ወረደ፤ እናቴ በመሐረብ ጠረገችላት። እያጎረሰችም በቀስታ ትጠይቃታለች፤ ማን ይጠይቅሻል? ዘመድ አለሽ? ጠበቃ ምናምን መጥቶ ያናገረሽ ሰው አለ? እትዬ አፏ ሙሉ ስለሆነ በጭንቅላቷ ትመልሳለች።

ስንመለስ የእናቴን እጅ ይዤ በደስታ እየዘለልኩ ሄድኩ። ደግ እናት አለችኝ አልኩ። ማታ እናቴ ለአባቴ «ማንም የላት፤ አንድ የእህት ልጅ ብቻ» ስትለው፣ አዝና መስሎኝ ነበር። ብርቱካን ሲላጥ ያ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬን ሲመታኝ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ የመብላት ሳይሆን የማስመለስ ምራቅ።

ፍርድ ቤት ሲደርስ ወራት አልፈው ነበር። ክሱ ሁለት ነው፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የእትዬ። በአንዱ አሥራ ዘጠኝ ያለ ሰው በሌላው አሥራ ስድስት ሊል አይችልም፤ ጠበቃው ለወንድሜ ደጋግሞ ያስጠናው ይህን ነበር። እኔን የሚጠብቅ ስላልነበረ ይዘውኝ ሄዱና የኋላ ወንበር ላይ ከእናቴ ጋር ተቀመጥኩ።

አባቴ ቆሞ አለቀሰ። መሐረቡን አውጥቶ፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፤ «ልጄ ሌባ ሆነብኝ፣ ክቡር ዳኛ። ካርታ ስጫወት ኮቴን ወንበር ላይ ባደርገው ከኪሴ ቁልፍ ሰረቀኝ» አለ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁልፉ ሲወረወር ስላየሁ ግራ ገባኝ፤ ግን አባቴ ስለ ሌላ ቀን፣ ስለ ሌላ ቁልፍ የሚያወራ መሰለኝ። አክስቴ ማለች፤ ከእነጎርፉ፣ ከእነጣሪያው። ምራቋ የዳኛው ጠረጴዛ ድረስ ደረሰ። የልደት ወረቀት ስላልነበረው አጥንቱን በራጅ ያየው ሐኪም ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር፤ የአባቴ ጠበቃ «እናቱ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?» ሲል እናቴ ተጠራች። እጇን አነሣችና አሥራ ዘጠኝ ነው አለች። ከሠርጓ በፊት መውለዷን ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ «አዎ» አለች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠላት።

እትዬ በክራንች ቆመች። «እኔ ከዚህ ሕፃን ጋር ጠብ የለኝም» አለች። «አባቱ ነው የላከው፤ መንገዱ ሁሉ ያውቃል። እኔ አባቱን ነው የከሰስኩት፣ ለምን ልጁን ታመጡልኛላችሁ?»

«ዕድሜውን በምን ያውቃሉ?» አሏት ዳኛው።

«ፀጉሩን ስቆርጥ እናቱ ትነግረኝ ነበር።»

«እናቱማ አሁን ነገረችን እኮ» አለ ጠበቃው ለስለስ ብሎ፤ ሰው ሳቀ። መንገዱ ሁሉ ያውቃል ያለችው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመንገዱ አንድም ሰው አልመጣላትም። ግማሹ ከአባቴ በዱቤ ቆርቆሮ የወሰደ ነበር።

በመጨረሻ ወንድሜን ጠየቁት። ስፖንጅ በተሞላው ትከሻው ውስጥ አንገቱ እንደ ጫጩት ቀጥኗል። አባቴን አየ። አባቴ መሐረቡን ከዓይኑ ሳያነሣ ጭንቅላቱን ነቀነቀለት።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ፣ ወደ እትዬ ዞሮ። ድምፁ በመሀል ተሰነጠቀ፤ ጎርነን ብሎ ጀምሮ ቀጥኖ አለቀ።

እኔ ላጨበጭብ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

ያን ዕለት ማታ ቤታችን ድግስ የሚመስል ራት ነበር። ጠበቃው መጣ፣ አክስቴ መጣች። አባቴ ከካሳው ነፃ ወጥቷል፣ መኪናውም ተመልሶለታል፤ ካሳው በወንድሜ ላይ ተፈርዷል፣ እሱም ምንም የለው። የወንድሜ ወንበር ላይ የጠበቃው ኮት ተሰቅሎ ነበር። «እሱስ?» አልኩ። «ሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ገብቷል» አለኝ አባቴ፤ «ትልቅ ሰው ስለሆነ እዚያው ያድራል።» ቀናሁበት። አክስቴ ጎርፉን ደግማ ስታወራ ሁሉም እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። እናቴ እንኳ ሳቀች። እኔም በሳቃቸው ሳቅኩ፤ አፌ በዶሮ ቅባት ተለውሶ። የዚያ ማታ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን በሻካራ ድንጋይ ፈትጌ መታጠብ ያምረኛል።

«ትምህርት ቤቱ» ከአዋቂ እስረኞች ጋር ነበር። ሁለት ዓመት ከምናምን ቆይቶ ሲመጣ ሁለት ጥርሱ የለም። ስለዚያ ቦታ ለማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ሰው ከኋላው ካለፈ ይደነግጣል፤ በር ተዘግቶ አይተኛም። አባቴ መደብሩ ውስጥ ሲሚንቶ ያሸክመው ጀመር። ደመወዝ የለውም። ደመወዝ ካለው ፍርድ ቤት ለእትዬ እየቆረጠ ይወስዳልና በሽራፊ የኪስ ገንዘብ ይኖራል። የቤት ልጅ ሳለ እንደ አገልጋይ ሆኖ፣ እንጀራ ፍለጋ እንዳይሄድም «የትም ብትቀጠር ዕዳው ይከተልሃል» እየተባለ፣ ዓመታት አለፉ። እትዬ ሱቋን ዘግታ በአንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ትሠራ ነበር፤ ደንበኞቿን መሬት ላይ አስቀምጣ። እኛ መንገድ ቀይረን እናልፋለን። ወንድሜ ብቻ አይቀይርም ነበር፤ በሯ ላይ ሲደርስ ግን ይሮጥ ነበር።

አባቴ የሞተው መደብሩ ውስጥ ነው፣ ደም ግፊት ጥሎት፣ የቀለም ቆርቆሮዎች መሀል። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ለለቅሶ የእናቴን ጥቁር ቀሚስ ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ቀሚሱ ከትከሻዬ ላይ ይንሸራተታል። አንገቴ ቀጭን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገር፣ አረፋውን፣ ወተቱን፣ ጎርፉን፣ አንድ በአንድ መልሼ አሰብኩት።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ጠበቃው መጣ። የበለጠ ወፍሯል። እናቴ፣ አክስቴና ወንድሜ ሳሎን ተቀመጡ። እኔን «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ጓዳ ግቢ» አሉኝ፤ አልገባሁም።

«አንድ ጥንቃቄ አለ» አለ ጠበቃው። «ያ ፍርድ ዛሬም ሕያው ነው። እስከ ዛሬ ምንም ስለሌለህ ነው ዝም ያለችው። አሁን ከአባትህ ድርሻህን ከወረስክ ሴትየዋ መጥታ ታነሣዋለች። ስለዚህ ድርሻህን አልፈልግም ብለህ ፈርም። ሁሉም በእናትህ እጅ ይሆናል፤ መቼም እናትህ አትበላህም።»

ወንድሜ ወለሉን እያየ «አልፈርምም» አለ።

«ምን?» አለች እናቴ።

«ወራሽ ነኝ። ድርሻዬን እወስዳለሁ። የእሷን እከፍላለሁ።»

አክስቴ ደረቷን መታች። «የአባትህን ላብ! አፈሩ ሳይደርቅ!»

እናቴ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። ድምፅዋን አለሰለሰች፤ ብርቱካን ስታጎርስ እንደነበረው ዓይነት ድምፅ ነው። «የኔ ልጅ፣ አንተ ገና ልጅ ነህ። ይህ ነገር አይገባህም። እኛ እናውቅልሃለን።»

ወንድሜ ቀና አለ። ከእስር ከወጣ ጀምሮ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ ጥርስ በሌለው በኩል፣ ሳቅ የሚመስል ነገር አየሁበት።

«ስንት ዓመቴ ነው፣ እማዬ?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ንገሪኝ። ስንት ዓመቴ ነው? ንገሪኝና እፈርማለሁ። አንቺ በማልሽው ከሆነ ሃያ ሰባት ነኝ። በወለድሽኝ ከሆነ ሃያ አራት። በየትኛው ነው ልጅ የሆንኩት?»

እናቴ ወደ ጠበቃው አየች። ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። አክስቴ የአፏን ዳር በሻርፗ ጠረገች። ከሦስቱ አዋቂዎች አንዱ እንኳ ያንን ቁጥር ከአፉ ሊያወጣው አልደፈረም። ያን ያህል ሰው የተጸየፍኩበት ሰዓት በሕይወቴ የለም፤ ከሦስቱ አንዷ የወለደችኝ መሆኗ ደግሞ መጸየፌን አላቀለለውም።

ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ።

ድርሻው እስኪለይ ብዙ ተንገላታን። እናቴ አልሸጥም ብላ ተሟገተች፤ በመጨረሻ ፒክአፑና የመደብሩ ግማሽ ተሸጠ። ለሰው ሁሉ «ልጄ አባቱን ዘረፈ» እያለች ታወራ ነበር፤ ዛሬም ታወራለች። ሄጄ እጠይቃታለሁ፣ መድኃኒቷን እገዛላታለሁ፤ ስትስመኝ ግን ጉንጬን ነው የማዞርላት።

ገንዘቡ በፍርድ ቤት በኩል ለእትዬ ከተከፈለ በኋላ ወንድሜ «ሄጄ ላናግራት» አለኝ። ብቻውን አልቻለም፤ አብሬው ሄድኩ። እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ክራንቿ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ቁጭ በሉ አላለችንም።

«ገንዘቡ ደርሶኛል» አለች። «ከአባትህ ነው የፈለግኩት፣ ከአባትህ ነው ያገኘሁት። ለአንተ ምስጋና የለኝም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እግሬን ስትወስደው አልጠላሁህም፣ ስማኝ። ፊትህን አይቻለሁ፤ ሕፃን ነበርክ፤ የላከህ ሌላ ነው። ያን ቀን ግን ፍርድ ቤት ቆመህ አሥራ ዘጠኝ ስትል ጠላሁህ። ዓይኔን እያየህ ነው ያልከው። እስካሁንም አልለቀቀኝም።»

«እኔንም» አለ ወንድሜ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ድንገት ዘወር ብሎ ወጣና የግቢው አጥር ላይ ተደግፎ አስመለሰ። ሆዱ ውስጥ ምንም እስከማይቀር አስመለሰ፤ ከዚያም እዚያው ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ላነሣው ስሮጥ እትዬ በክራንቿ እየተደገፈች ከኋላዬ በሩ ድረስ መጣች። ቆማ አየችው። ፊቷ ላይ ርኅራኄም ቁጣም አላየሁም።

«ተዪው» አለችኝ። «ይውጣለት።»